ኔትወርክ በሌለበት ከቤተሰብ ላለመጥፋት፦ የሳተላይት መልእክት መላኪያ አመራረጥና አያያዝ

ራይኒየር ተራራ ሰማዩ በጠራ ቀን ከሲያትል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅርብ ስለሚመስል ብዙ ሰው የሰፈር መናፈሻ ያህል አቅልሎት ይወጣል። ፓርኩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን በአብዛኛው ቦታ የስልክ ኔትወርክ የለም። ከዴንቨር በስተምዕራብ ያሉት የኮሎራዶ ሸለቆዎችም ሆኑ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ቅዳሜና እሁድ የሚሄድበት ሸናንዶዋ ፓርክ ብዙ ቦታቸው እንደዚያው ነው። እግሩ የተጠመዘዘበት ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ቤት የቀረው ደግሞ ደጋግሞ እየደወለ ይጨነቃል።

የሳተላይት መልእክት መላኪያ ለሁለቱም ይጠቅማል። መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ በአካባቢው የስልክ አንቴና ባይኖርም በቀጥታ ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ፣ አጭር ጽሑፍ፣ ያሉበትን ቦታና የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚልክ መሣሪያ ነው። ሰው ሊገዛው ሲል ስለ ባትሪውና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይጠይቃል። ቤት ከሚቀረው ሰው ጋር መደረግ ያለበትን ስምምነት የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። መሣሪያው እያለ ነገር የሚበላሸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ስምምነቱ ነው።

1. መጀመሪያ ስልክዎ ይበቃ እንደሆነ ይመልከቱ

አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ አይፎን ካለዎት ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ ዕቃ ኪስዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። አፕል የሳተላይት የአደጋ ጊዜ ጥሪውን በአሜሪካና በካናዳ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአይኦኤስ 18 ለቤተሰብ ተራ መልእክት መላክ ተችሏል። ጉግልም ፒክስል 9 ላይ የአደጋ ጊዜ ጥሪውን አስገብቷል። ቲ-ሞባይል ከስታርሊንክ ጋር ሆኖ በ2025 የከፈተው የሳተላይት ቴክስት አገልግሎትም አለ።

እነዚህን አይናቁ። ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ ጠዋት ወጥተው ከሰዓት ለሚመለሱበት ጉዞ በቂ ናቸው። አይፎኑ ላይ ሴቲንግ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ጥሪ በሚለው ሥር መለማመጃ አለ፤ ማንንም ሳይጠሩ ስልኩን ወደ ሳተላይቱ እንዴት እንደሚያዞሩ ያሳያል። አንድ ምሽት ቤትዎ ደጃፍ ላይ ቆመው ይሞክሩት። ተራራ ላይ በቀዘቀዘ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር ከባድ ነው።

ስልኩ የማይበቃበት ጊዜ ግን አለ። ካርታዎ፣ ካሜራዎ፣ የእጅ ባትሪዎና የአደጋ ጊዜ ጥሪዎ በአንድ ባትሪ ላይ ከተንጠለጠሉ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ስልክ ድንጋይ ላይ ወድቆ ይሰበራል። በአይፎን መልእክት ለመላክ ስልኩን በእጅ ይዞ ሳተላይቱን መከተልም ያስፈልጋል፤ ክንዱ ለተሰበረ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። አፕል ራሱ ከ62 ዲግሪ ኬክሮስ በላይ፣ ለምሳሌ በሰሜናዊ አላስካ፣ አገልግሎቱ ላይሠራ እንደሚችል ይናገራል። ውጭ የሚያድሩ፣ ብቻዎን የሚሄዱ፣ በረዶ ላይ የሚወጡ ወይም ልጆች ይዘው ርቀው የሚሄዱ ከሆነ ለብቻው የሆነ መሣሪያ ይያዙ።

2. ዓይነቱን ይምረጡ

ገበያ ላይ ያሉት በግርድፉ ሁለት ናቸው። አንደኛው የሚልክም የሚቀበልም መልእክት መላኪያ ነው፤ የጋርሚን ኢንሪች፣ ዞሊዮና ቢቪ ስቲክ የሚባሉት ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ፒኤልቢ የሚባለው የአደጋ ጊዜ ምልክት ብቻ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው።

ፒኤልቢ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ምልክቱን የሚቀበለው ኮስፓስ-ሳርሳት የተባለው የመንግሥታት የነፍስ አድን መረብ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ተስማምተው የጀመሩት ሲሆን ዛሬም ይሠራል። አንቴናውን ዘርግተው ቁልፉን ከተጫኑ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ምልክት ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ኖኣ በተባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት በነጻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ችግሩ «ደህና ነኝ፣ ግን አመሻለሁ» ማለት አለመቻሉ ነው። የሚያውቀው «አድኑኝ» ማለትን ብቻ ነው፤ የጽሑፍ መልስም አያመጣም።

የቤተሰብን ጭንቀት ማቅለል ከፈለጉ የሚያስፈልግዎ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም በኢሪዲየም ሳተላይቶች ይሠራሉ። ኢሪዲየም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በዋልታዎች በኩል እየዞሩ ምድርን ሙሉ የሚሸፍኑ 66 ሳተላይቶች አሉት። ሳተላይቶቹ መልእክቱን እርስ በርስ ስለሚቀባበሉ አካባቢው የምድር ጣቢያ ባይኖረውም ይሠራል። ስፖት የተባለው መሣሪያ የሚጠቀምበት ግሎባልስታር ግን ሳተላይቱ እርስዎንም የምድር ጣቢያውንም በአንድ ጊዜ ማየት አለበት፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ይህ አያስቸግርም፤ ከአህጉሩ ርቀው የሚሄዱ ከሆነ ግን የሽፋን ካርታውን ሳያዩ አይግዙ።

ከኢሪዲየም መሣሪያዎች መካከል የሚለየው ዋናው ነገር ያለ ስልክ ምን ያህል ይሠራሉ የሚለው ነው። ኢንሪች ሚኒ 2 ክብደቱ 100 ግራም ብቻ ነው፤ ስልክዎ ቢሞት በራሱ ቁልፎች፣ ቀስ እያሉም ቢሆን፣ መጻፍ ይችላሉ። ዞሊዮ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጽሑፍ የሚጻፈው በስልክ አፕ ነው፤ ስልኩ ከሞተ የሚቀርልዎ የ«ደህና ነኝ» ቁልፍና የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ናቸው። ለእኔ ለተጨማሪው ገንዘብ ዋጋ ያለው ይህ ልዩነት እንጂ የካርታው ውበት አይደለም። ወርሃዊ ክፍያው በሁሉም ላይ አለ፤ ትንንሾቹ ፓኬጆች በወር ከ15 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ናቸው፤ የመክፈቻ ክፍያም ሊኖር ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። በዓመት አንዴ ብቻ ለሚወጣ ሰው ከተራራ ዕቃ መደብር መከራየት ያዋጣል።

3. የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎን በጥንቃቄ ይምረጡ

መሣሪያውን ሲከፍቱ የሁለት ሰው ስምና ስልክ ይጠየቃሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚጽፈው በጣም የሚወደውን ሰው ነው፤ እናቱን፣ አባቱን። ይህን አያድርጉ። የአደጋ ጊዜ ቁልፉን ሲጫኑ ጥሪውን የሚቀበለው የነፍስ አድን ማዕከል የሚደውለው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ጥያቄው ደግሞ «በየት መንገድ ወጡ? ስንት ሆነው? ምን ልብስ ለብሰዋል? በሽታ አለባቸው?» የሚል ነው።

ስለዚህ ተጠሪው የማያውቀውን ቁጥር የሚያነሳ ሰው ይሁን፤ በአጭበርባሪ ደዋዮች የተማረረ ዘመድ እንግዳ ቁጥር ሲያይ እንደማያነሳ ያውቃሉ። በእንግሊዝኛ ሳይደናገጥ መነጋገር የሚችል ይሁን። ስኳር ወይም አስም እንዳለብዎ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጭምር የሚያውቅ ይሁን። እርስዎ በሚጓዙበት አገር የሚኖር ቢሆን ይመረጣል። የማዕከሉን ቁጥር ስልኩ ላይ አስቀምጦ ሌሊትም እንዲጮህ ያድርገው። እናትዎ ዜናውን ከእሱ ይስሙ።

4. ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ተስማሙ

ይህኛውን አይዝለሉት። የሳተላይት መልእክት ሊዘገይ ይችላል፤ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል፤ መሣሪያው ቦርሳ ሥር ተቀብሮ ሰማይ ሳያይ ሊውል ይችላል። ቤት ያለው ሰው ይህን ካላወቀ የሁለት ሰዓት ዝምታ ለቅሶ ያስቀምጠዋል። ካልተነገረው ደግሞ የሁለት ቀን ዝምታን «ኔትወርክ የለም ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱም የሚመጡት ስምምነት ከመጥፋቱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው በዚህ አዲስ አይደለም። ሚስኮል አንዴ ከሆነ ደርሻለሁ፣ ሁለቴ ከሆነ ደውልልኝ ተባብለን በነጻ ተግባብተናል። የመሣሪያው ቀድሞ የተዘጋጀ መልእክትም ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ አስቀድመው የጻፉት ቃል ከቦታዎ ጋር ይሄዳል፤ በብዙ ፓኬጆችም ከመልእክት ቁጥር አይቀነስም። ሦስት ያዘጋጁ፦ «ሁሉም ደህና፣ እንደ ዕቅዱ ነን»፣ «ዘግይተናል፣ ግን ደህና ነን፣ አትጨነቁ»፣ «ወርደን መኪናው ጋ ደርሰናል»። ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አደጋ የሌለበትን፣ ግን ለነፍስ አድን ጥሪ ምክንያት ሊሆን የሚችለውን የመዘግየት ጊዜ የሚሸፍነው እሱ ነው።

ከዚያ በወረቀት ላይ የሚከተለውን ጽፈው ለተጠሪዎ ይስጡ፦ መኪናው የሚቆምበት ቦታና ታርጋው፣ የመንገዱ ስም፣ የት እንደሚያድሩ፣ አብረውዎት ያሉት ሰዎች ስም፣ «ወርደናል» የሚለው መልእክት የሚጠበቅበት ሰዓትና የመጨረሻው ሰዓት፤ ይህኛው ካለፈ ሳያመነታ እንዲደውል የተስማማችሁበት ነው። ሁለቱን ሰዓቶች አራራቁ። ከሰዓት በ4 ፒኤም እንወርዳለን ካሉ የመጨረሻው ሰዓት ማታ 10 ፒኤም ቢሆን ተገቢ ነው፤ ክረምት ከሆነ ይጠር።

ማን ጋ እንደሚደወልም ይጻፉ። ተጠሪዎ ቨርጂኒያ ተቀምጦ 911 ቢደውል የሚያነሳው የቨርጂኒያ ማዕከል ነው፤ እርስዎ ያሉት ዋሽንግተን ስቴት ከሆነ በመተላለፍ ጊዜ ይባክናል። በዋሽንግተን ስቴት የጠፋ ሰው ፍለጋ የካውንቲው ሸሪፍ ኃላፊነት ነው፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የፓርኩ ሬንጀሮች ናቸው። የሸሪፉን ወይም የፓርኩን ሙሉ ቁጥር ከነአካባቢ ኮዱ ወረቀቱ ላይ ያስፍሩ።

ሰዓት ሲባል ደግሞ ለእኛ ብቻ የተለየ ወጥመድ አለ። አዲስ አበባ ላለች እህትዎ «በ8 ሰዓት መልእክት እልካለሁ» ቢሏት የምትጠብቀው በሌላ ሰዓት ነው። በበጋ ሲያትል ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ሲያትል ማታ 8 ፒኤም ሲሆን እሷ ዘንድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። ወረቀቱ ላይ በየትኛው ከተማና በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጻፍ ሰዓት አይቀመጥ።

መልእክቱን ለሁሉም ዘመድ መላክም አይመከርም። ለአንድ ሰው ይላኩ፤ እሱ በቴሌግራም ግሩፕ ያሰራጨዋል። ያሉበትን ቦታ በየ10 ደቂቃው የሚያሳየውን የካርታ ሊንክም ለጭንቀታም ሰው አይስጡ። ምሳ ለመብላት ሲቀመጡ ነጥቧ ትቆማለች፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ሲገቡ ትጠፋለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ካርታው ላይ አፍጥጦ ሲያያት ነፍሱ ትወጣለች። ካርታውን የሚያየው ይህን አስቀድሞ የተረዳ ሰው ብቻ ይሁን።

5. አጻጻፍ

በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን በተራው የኤስኤምኤስ ሥርዓት ከ70 አያልፍም። መሣሪያው ራሱ የእኛን ፊደል ላያሳይም ይችላል። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፉ ይሻላል፤ ተቀባዩ ግር የሚለው ከሆነ ከጉዞው በፊት ተለማመዱበት። የቦታ ስም ሳያሳጥሩ ይጻፉ። ቀልድ ለስልክ ይቆይ፤ «ሞተን ነበር» የሚል ጨዋታ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲነበብ ጨዋታ አይመስልም። ውጭ አገር ላለ ተቀባይ በኤስኤምኤስ፣ በኢሜይልና በድርጅቱ አፕ ሦስቱንም ከቤት ሆነው ይሞክሩና የደረሰውን መንገድ ብቻ ይያዙ።

6. መንገድ ላይ

መሣሪያው ሰማይ ማየት አለበት። በቦርሳው ማንገቻ ላይ፣ ከትከሻ ከፍ ብሎ፣ አንቴናው ወደ ላይ ሆኖ ይታሰር። ቦርሳ ውስጥ ከውሃ መያዣ ብረት አጠገብ የተቀመጠ መሣሪያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሳተላይቶቹ ስለሚዘዋወሩ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ለደቂቃዎች አንድም ላይታይ ይችላል፤ ሲልኩ ቦታ ይምረጡ፤ ገላጣ ሜዳ ወይም ሸንተረር ላይ ቆመው «ተልኳል» እስኪል ይጠብቁ። ላክ የሚለውን ተጭኖ ወዲያው ኪስ ውስጥ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው።

ብርድ ሊቲየም ባትሪን ያዳክማል፤ ሌሊት መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዘውት ይግቡ። በቡድን ከሆናችሁ ቁልፉ የት እንዳለ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ፤ የሚወድቀው መሣሪያውን የያዘው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላልና።

7. ኤስኦኤስ (የአደጋ ጊዜ ቁልፉ) መቼና እንዴት

ሰው በራሱ መራመድ ካልቻለ፣ ደም ካልቆመ፣ ትንፋሽ ካስቸገረ፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም መንገድ ጠፍቶ ሌሊቱንና ብርዱን የሚቋቋም ልብስ ከሌለ ይጫኑ። ድካምና ውሃ ጥም ብቻ ከሆነ ቁጭ ይበሉና መጀመሪያ ለተጠሪዎ ይጻፉ።

ወገናችንን ከሁሉ በላይ ሲያመነታ የማየው ሂሳቡን ፈርቶ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ለፍለጋና ለነፍስ አድን ሥራ በአብዛኛው አያስከፍልም። የኮሎራዶ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖችም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ተጎጂውን ገንዘብ አይጠይቁም። ሒሳብ የሚመጣው ከሕክምና ሄሊኮፕተርና ከአምቡላንስ ነው፤ እሱንም የጤና ኢንሹራንስዎ ምን ያህል እንደሚሸፍን ከጉዞ በፊት መጠየቅ ይቻላል። እንደ ኒው ሃምፕሻየር ያሉ ስቴቶች ግን በራሱ ቸልተኝነት አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ማስከፈል የሚያስችል ሕግ አላቸው። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ስዊዘርላንድን በመሰለ አገር ማዳኑ ራሱ እንደሚያስከፍል አውቀው ኢንሹራንስ ይግቡ።

ቁልፉን መሸፈኛውን ከፍተው ለጥቂት ሰኮንዶች ተጭነው ይያዙ። ማዕከሉ መልስ ይጽፍልዎታል፤ ስንት ሰው እንዳላችሁ፣ ምን እንደደረሰ፣ ተጎጂው ይራመድ እንደሆነ፣ ድንኳንና ሙቅ ልብስ እንዳለ በአጭር እንግሊዝኛ ይመልሱ። ያለብዎን በሽታና የመድኃኒትዎን የእንግሊዝኛ ስም አስቀድመው በወረቀት ይያዙ። ከዚያ በኋላ ቦታ አይቀይሩ፤ ሊደርሱልዎ የሚመጡት ወደ ላኩት ነጥብ ነው። መቀየር ግድ ከሆነ መጀመሪያ ይጻፉ። መሣሪያውን አያጥፉት። በስሕተት ከተጫነ ዝም ብለው አያጥፉት፤ ሰርዘው «ስሕተት ነው፣ ደህና ነን» ብለው ይጻፉና ማረጋገጫው እስኪመጣ ይጠብቁ።

8. ድንበር ሲሻገሩ

ለእረፍት ኢትዮጵያ ሄደው ሰሜን ተራራን ሊወጡ ያሰቡ ከሆነ መሣሪያውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ያስቡበት። ቱራያ የሚባለውን የሳተላይት ስልክ የሚያውቅ ሰው ፈቃድ እንደሚጠየቅበትም ያውቃል። ያለ ፈቃድ የተገኘ የሳተላይት መገናኛ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ወይም በሚኖሩበት አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ይዘው ይጓዙ። የአይፎኑ የሳተላይት አገልግሎት ኢትዮጵያን አያካትትም። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ አራተኛው ነጥብ ላይ የተባለው ወረቀት ለእሱም፣ የፓርኩ መግቢያ ከተማ በሆነችው ደባርቅ ለሚቀር ሰውም ይሰጥ። ማዕከሉ ከውጭ ሆኖ የሚደውለው አገር ውስጥ ላለ አካል ስለሆነ፣ የሚደርስልዎ እዚያ አካባቢ ያለው ሰው ነው።

ሕንድ ውስጥ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዘው የተገኙ መንገደኞች በፖሊስ ተይዘዋል። በዚያ በኩል ለሚያልፉ ይህ ይታወስ።

9. ከተመለሱ በኋላ

«ወርደናል» የሚለውን መልእክት መኪናው ጋ እንደደረሱ ይላኩ፤ ቤት ድረስ አያቆዩት። ቦታ መከታተያውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ አውራ ጎዳናው ላይ ባትሪውን እየበላ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ካስቀመጡት ባትሪው ሙሉም ባዶም አይሁን፤ ግማሽ ያህል ይበቃዋል። ወርሃዊ ክፍያውን ማቆም ይችላሉ፤ ነገር ግን ክፍያው በቆመ መሣሪያ ላይ ኤስኦኤሱም አይሠራም። የቆመበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈው ጀርባው ላይ ይለጥፉ። ከሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ያስከፍቱት፤ ከዚያም ከቤትዎ ደጃፍ ለተጠሪዎ የሙከራ መልእክት ልከው መልሱ እስኪመጣ ይጠብቁ።